እንደ ሥዕል ላኩት፦ ፊደላችን ከማተሚያ ጋር የተግባባበት ታሪክ

ባለፈው ዓመት፣ በሱዳን መንገድ የቀሩ ወገኖቻችን መታሰቢያ ሊደርስ አንድ ምሽት ሲቀረው፣ ስምንት የማኅበራችን ልጆች እዚህ ክርያት ቢያሊክ በአንድ ክፍል ውስጥ ማተሚያ ፊት ቆመን ነበር። ከማሽኑ የሚወጣው ወረቀት ላይ የሰው ስም መኖር ነበረበት። ያየነው ግን ሳጥን ብቻ ነው። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ትንሽ ክፍት ቦታ፣ እንደገና ሳጥን። አራት ገጽ ሙሉ።

እነዚያን ስሞች ለመሰብሰብ አራት ወር ፈጅቶብናል። ቤት ለቤት ዞረናል፣ ቡና ተፈልቶልናል፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ ጠይቀን ሳንጨርስ ተለቅሷል። ወላጆቻችን እንደሚያውቁት፣ በእግር ወደ ሱዳን ወርደው በመንገድና በመጠለያ ካምፕ የቀሩት አራት ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። እኛ ደግሞ የሰፈራችንን ቤተሰቦች ሟቾች ስም፣ እዚሁ፣ በአማርኛ ተጽፎ፣ በአማርኛ እንዲነበብ ፈልገን ነበር።

አንዱ ልጅ «ምን ቸገረን፣ በዕብራይስጥ እናትመው» አለ። አብራን የነበረች አንዲት እናት መለሰችለት፦ «በዕብራይስጥማ በመታወቂያም በደብዳቤም ታትሟል። እኔ የምፈልገው እኔ የማነበውን ነው።» ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም።

ሰዓቱ መሸ። ከጓደኞቻችን የአንዷ አጎት ሊወስዳት መጣ። ዝም ብሎ አንዱን ወረቀት አነሳና ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። «ይኼማ የድሮው በሽታ ነው» አለ። «ማሽኑ ፊደሉን አያውቀውም። የማያውቀውን ጽሑፍ አትስጡት፤ እንደ ሥዕል ላኩት።» በኮምፒውተሩ የኅትመት መስኮት ውስጥ ፈልገን፣ ገጹን እንደ ሥዕል የሚልከውን ምርጫ አገኘንና ምልክት አደረግንበት። ማሽኑ ከወትሮው ቆየ። ከዚያ ስሞቹ አንድ በአንድ ወጡ።

«እንዴት አወቅህ?» ብለን ጠየቅነው። ከ1991 በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ይሠራ ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል በፋብሪካ በፈረቃ ሠርቷል። ይህን ሙያውን የእኅቱ ልጅ እንኳ አታውቅም ነበር። ለምን እንዳልነገራት ስትጠይቀው «ማን ጠየቀኝ?» አላት።

ስለዚህ ጠየቅነው። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ምሽት፣ እሱ ካጫወተን፣ በኋላም እኛ አንብበን ከደረስንበት ነው።

ማተሚያው አያነብም

ነገሩ የጀመረው በኮምፒውተር አይደለም። ግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ፣ ሮም በነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስሙን ተሳስቷል፤ ፊደሉ ግን ታተመ።

ከዚያ በ1548 እና በ1549 ተስፋ ጽዮን የተባለ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ የኛ ቄሶች በግዕዝ የሚያነቡት ኦሪትን ነው። ሆኖም የሰውየው ችግር የኛም ችግር ስለሆነ እዚህ እናነሳዋለን። ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢውን ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ይጠይቃል። ምክንያቱንም ይናገራል፦ የሚያትሙት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፣ ማንበብ የሚችለው እሱ ደግሞ ማተም አያውቅም።

ይህን ስናነብ ሁላችንም ያ ማሽን ትዝ አለን። ወደ አምስት መቶ ዓመት አለፈ፤ ነገሩ ግን ያው ነው። የሚያትመው አያነብም። ስለዚህ ከጽሑፉ ጋር አብሮ «ይህን እንዲህ አድርገህ ሣል» የሚል ሌላ መልእክት መሄድ አለበት። የኅትመት ታሪካችን ያንን መልእክት ማን እንደላከው የሚናገር ታሪክ ነው።

ከእርሳስ ወደ ታይፕ

በእርሳስ ፊደል ዘመን መልእክቱን የሚያደርሰው የሰው እጅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1921 ሲቋቋም፣ ፊደል ለቃሚው ከፊቱ ያለው ሳጥን ብዙ ክፍል ነበረው። ለላቲን ሃያ ስድስት ፊደል ትልቁንና ትንሹን መለየት ይበቃል። ለኛ ግን ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል። በዚያ ላይ እንደ ቋ እና ጓ ያሉት ዲቃሎች፣ ቁጥሮች፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሠረዝ ይጨመራሉ። ለቃሚው እያንዳንዱን በጣቱ አንሥቶ ይደረድራል። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ለቃሚው የሚያነብ ሰው ነበር።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ችግሩ ጠነከረ። የታይፕ ሰሌዳ ላይ 231 ቁልፍ አይገባም። ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛ ታይፕራይተር ፈር ቀዳጅነት ስማቸው የሚነሣው ለዚህ ነው። የታይፑ መፍትሔ ፊደሉን መከፋፈል ሆነ፤ መጀመሪያ ግዕዙን መታ ያደርጉና፣ ከዚያ ቅጥያውን፣ ማለት መስመሯን ወይም ቀለበቷን፣ ለብቻ መታ ያደርጉባታል። ወላጆቻችን በታይፕ የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ካላቸው አውጥተው ይዩት። ቅጥያዋ አንዳንዴ ከእግሩ ትርቃለች፣ አንዳንዴ ትደረባለች። መልኩ አያምርም፤ ቢሆንም ይነበባል። ፊደል በክፍልፋይ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየ እሱ ነው።

ወረፋው አፍ ላይ የተቀመጠው ፕሮግራም

አሁን ወደ ኮምፒውተር እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን፤ ቃሉ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ቀላል ነው።

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኮምፒውተር እጅግ ውድ፣ ማተሚያ ደግሞ ዘገምተኛ ነበር። ኮምፒውተሩ ማተሚያውን ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ፣ የሚታተመው ሁሉ መጀመሪያ በቴፕ ወይም በዲስክ ላይ ይቀመጥና ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ይህን ወረፋ ከአይቢኤም ኮምፒውተሮች ዘመን ጀምሮ ስፑል ይሉታል። ዛሬም እናንተ «አትም» ስትሉ ጽሑፋችሁ ቀጥታ ማተሚያ ጋ አይሄድም። ወረፋ ይገባል።

ጥሩነቱ ምንድን ነው? ወረፋ ላይ ያለ ነገር ገና አልታተመም። ተራው እስኪደርስ ሊነካ ይችላል። በወረፋውና በማተሚያው መካከል አንድ ትንሽ ፕሮግራም ብታስቀምጡ፣ የሚያልፈውን ጽሑፍ እያየ ትእዛዝ ሊጨምርበት ይችላል። ደብዳቤ ለፖስተኛው ስትሰጡ ፖስታው ላይ «ይህ ፎቶ ስላለው አይታጠፍ» ብላችሁ እንደምትጽፉ ማለት ነው። ደብዳቤው አይለወጥም፤ ተቀባዩ ግን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ታዲያ ማተሚያው የቱ ደብዳቤ፣ የቱ ትእዛዝ እንደሆነ በምን ይለያል? በአንድ ቁጥር። ለኮምፒውተር ሁሉም ነገር ቁጥር ነው፤ ትልቁ የላቲን ኤ 65 ነው፣ ቢ 66 ነው። ከነዚህ መካከል 27 የሚባለው ቁጥር ፊደል አይደለም። ስሙ ኤስኬፕ ይባላል፤ አምልጥ እንደማለት። በ1960 ቦብ ቤመር የተባለ የአይቢኤም ባለሙያ ያቀረበው ሐሳብ ነው። ማተሚያው 27ን ሲያይ «ቀጥሎ የሚመጣው የሚታተም አይደለም፤ ለኔ የተነገረ ነው» ይላል። 27 እና 64 ከመጣ «የተነገረህን ሁሉ ርሳና እንደ አዲስ ጀምር» ማለት ነው። 27፣ 65 እና 8 ከመጣ «መስመርና መስመር መካከል ያለውን ርቀት አጥብበው» ማለት ነው። 27 እና 75 ከመጣ «አሁን የምልክልህ ፊደል አይደለም፤ ነጥብ ነው» ማለት ነው።

እነዚህ ኤፕሰን የተባለው የጃፓን ኩባንያ የነጥብ ማተሚያዎች የሚያውቋቸው ትእዛዞች ናቸው። እንደ ኤፍኤክስ-80 ያለው በ1983 የወጣ ማተሚያ፣ ራሱ ላይ ዘጠኝ መርፌ በአንድ ቀጥ ያለ ረድፍ ተደርድረው ነበረው። መርፌዎቹ ሪባኑን እየመቱ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ይጥላሉ። ያ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ያለው፣ ዳርና ዳሩ የተበሳ ወረቀት የሚበላው ማተሚያ ማለት ነው።

ቡ እና ቢ በነጥብ

አጎትየው ይህን ሲያስረዳን ወረቀት ፈለገ። ከልጆቹ አንዱ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ሰጠው። በላዩ ላይ «በ»ን ሣለልን።

በማተሚያው ራስ ላይ የላይኛው መርፌ 128 ይባላል። ከሱ ሥር ያለው 64፣ ከዚያ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ መጨረሻ 1። (ዘጠነኛው መርፌ በዚህ ሥራ ውስጥ አይገባም።) ስምንቱም ይምቱ ካላችሁ ስምንቱን ትደምራላችሁ፤ 255 ይሆናል። እንግዲህ በ ሁለት እግርና አንድ ጣራ ነው። የግራው እግር 255። ጣራው አምስት ጊዜ 128። የቀኙ እግር 255። ተጻፈ ማለት ነው፦ 255፣ 128፣ 128፣ 128፣ 128፣ 128፣ 255።

«አሁን ቡ አድርጉት» አለን። ቡ ከቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ወደ ውጭ የምትወጣ ትንሽ መስመር አላት። ስለዚህ መጨረሻው ላይ 8 እና 8 ጨመርን። «ቢስ?» የቢ መስመር ከእግሩ ሥር ነው የምትወጣው። 1 እና 1 ጨመርን። በቡ እና በቢ መካከል ያለው ልዩነት፣ ለዚያ ማሽን፣ 8 ወይስ 1 የሚለው ብቻ ነው። የታችኛው መርፌ ከተሰበረ ቢ የሚባል ፊደል ከአገር ይጠፋል፤ ሁሉም በ ይሆናል።

ከፊቱ ትእዛዙን ስንጨምርበት ሙሉው ቡ ይህን ይመስላል፦ 27፣ 75፣ 9፣ 0፣ ከዚያ ዘጠኙ ቁጥሮች። 9 እና 0 «ዘጠኝ ዓምድ ነጥብ እየመጣልህ ነው» የሚሉ ናቸው። አንድ ሙሉ መስመር በዚህ ዓይነት ሲላክ 480 ዓምድ ነው። አንድ ገጽ በስንት ሺህ ቁጥር እንደሚሠራ እናንተው አስቡት።

በእርግጥ ይህ የማስተማሪያ በ ናት። ደህና መልክ ያለው ፊደል ከስምንት ነጥብ የበለጠ ቁመት ይፈልጋል። ስለዚህ የማተሚያው ራስ አንድ መስመር ጽሑፍ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ መጀመሪያ የፊደሎቹን ራስ፣ ቀጥሎ እግራቸውን። ያቺ 27፣ 65፣ 8 የምትባለው ትእዛዝ እዚህ ላይ ነው ነፍስ የምታድነው። ካልተላከች ማተሚያው ወረቀቱን እንደለመደው አርቆ ይስበዋል፤ በራስና በእግር መካከል ነጭ መስመር ይገባል። እያንዳንዱ ፊደል ወገቡ ላይ ይቆረጣል።

ሌላም መንገድ ነበር። ኤፍኤክስ-80 ተጠቃሚው ራሱ የሣላቸውን ፊደሎች በማስታወሻው ተቀብሎ መያዝ ይችል ነበር። ግን ቦታው 256 ብቻ ነው። የኛ ፊደል፣ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹ፣ በዚያ ላይ ላቲኑም ይግባ ሲባል ጠበበ። ወይ ከፊደል ይቀነሳል፣ ወይ ሁሉም እንደ ሥዕል ይላካል።

አጎትየው በነበረበት ክፍል ብዙ ሰው በአንድ ማተሚያ ይጠቀም ነበር። ባልደረቦቹ የጻፉት ትንሽ ፕሮግራም ወረፋው አፍ ላይ ተቀምጦ፣ የአማርኛ ፊደል ቁጥር ሲያይ በነጥብ ይለውጠዋል፤ ላቲን ሲያይ ያሳልፈዋል። አንድ ቀን መጨረሻ ላይ የምትላከዋን «ሁሉን ርሳ» የምትል ትእዛዝ፣ ያቺን 27 እና 64፣ አንድ ሰው ዘነጋት። በማግስቱ ጠዋት የሌላ ክፍል ሪፖርት ተጣብቆ፣ መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ ወጣ። «ትእዛዝ ስትሰጥ የምትሽርበትንም አብረህ ስጥ» ብሎ አለቃው የነገረውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጥቂት ሰዎች፣ ብዙ ቁጥር

ይህን ሥራ የሠሩት ትልልቅ ኩባንያዎች አይደሉም። በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ፍሥሐ አጥላው፣ ዳሸን በሚል ስም የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ። በኮሎራዶ የነበሩት ዶክተር አበራ ሞላ ሞዴት የተባለውን ፕሮግራም አወጡ፤ እሳቸው በሙያቸው የእንስሳት ሐኪምና ተመራማሪ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር በነበረው የኮምፒውተር ማዕከል አጋፋሪ ተሠራ። ስሙ ደስ ይላል፤ አጋፋሪ በድሮ ቤት እንግዳ ተቀብሎ ወደ ጌታው የሚያስገባ ነው። ወረፋው አፍ ላይ የሚቀመጥ ፕሮግራም ሥራው ይኸው አይደል?

ማተሚያውም ተለወጠ። በ1984 ኤችፒ ሌዘርጄትን አወጣ፤ በአንድ ኢንች ላይ 300 ነጥብ ይጥላል። በ1985 የመጣው ሌዘርጄት ፕላስ ደግሞ ከኮምፒውተር የተላከለትን ፊደል በግማሽ ሜጋባይት ማስታወሻው ይይዛል። ትእዛዙ አሁንም በ27 ይጀምራል። ጠዋት ማተሚያው ሲከፈት ፊደሉ ይላካል፤ ማታ ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። በማግስቱ እንደገና ሀ ሁ ይባላል። የአንዱ ፊደል መያዣ ከ256 ስለማያልፍም ፊደላችን ለሁለት፣ ከዚያም በላይ ተከፍሎ ይቀመጥ ነበር።

ትልቁ ጣጣ ግን ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት እንቆቅልሽ ይሆናል። የአማርኛ ጽሑፍ በዲስኬት ስትልክ ፊደሉንም አብረህ መላክ ነበረብህ።

ዕብራይስጥም ተቸግሯል

እዚህ አገር ላደግነው አንድ ጥያቄ ነበረን። ዕብራይስጥስ? ችግሩ እሱንም አልማረውም። በድሮው የእስራኤል ደረጃ ከአሌፍ እስከ ታቭ ያሉት ፊደሎች የላቲን ትንንሽ ፊደሎች በሚቀመጡበት ቁጥር ላይ ነበር የተቀመጡት። ማተሚያው በዕብራይስጥ ካልተዘጋጀ፣ ዕብራይስጡ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ይወጣል። በኋላ በአይቢኤም ኮምፒውተሮች አሌፍ ቁጥር 128 ሆነች።

ሁለተኛው ችግር አቅጣጫ ነው። ማተሚያው የመጣለትን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚደረድረው። ዕብራይስጥ ደግሞ ከቀኝ ነው። ስለዚህ ሻሎም እንደ ተጻፈ ቢላክ ምሎሻ ሆኖ ይወጣል። ፕሮግራሙ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን መስመር መገልበጥ ነበረበት፤ በመካከል ያለውን ቁጥር ግን አለመገልበጥ። የኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ይህ ጭንቀት የለበትም። በቤታችን ግን ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ፤ የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ምን እንደሚያዩ ያውቁታል።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ ዕብራይስጥ አገርና ገበያ ነበረው። ፊደሉን በውስጡ የያዘ ማተሚያ ሱቅ ገብቶ መግዛት ይቻል ነበር። ከተማችን የተሰየመችው በሐይም ናሕማን ቢያሊክ ነው፤ ከተማዋ በ1934 ስትቆረቆር እሱም በዚያው ዓመት ዐረፈ። ቢያሊክን በትምህርት ቤት ባለቅኔ ነው ተብለን ተማርን። ግን አሳታሚም ነበር፤ ሞሪያ እና ድቪር የተባሉትን ማተሚያ ድርጅቶች ከመሠረቱት አንዱ ነው። ቋንቋ እንዲኖር ግጥም እንደማይበቃ፣ የሚያትምም እንደሚያስፈልግ ያወቀ ሰው ነው።

አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር

በ1990ዎቹ እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በኢንተርኔት አማርኛን በላቲን ፊደል ለመላላክ የሚያስችል ሥርዓት አበጁ። እነሱና ሌሎች፣ ፍሥሐ አጥላውም ጭምር፣ ፊደሉ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ እንዲገባ ደከሙ። በመስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገባ። ከዚያ ወዲህ ሀ በሁሉም ቦታ 4608 ነው፤ አዲስ አበባም፣ ክርያት ቢያሊክም፣ ዋሽንግተንም። በ ደግሞ 4704። በ2007 ማይክሮሶፍት ቪስታ የተባለውን ዊንዶውስ ሲያወጣ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፊደል አብሮ መጣ። ዛሬ ስልካችን ላይ ለእናታችን በአማርኛ ስንጽፍ ይህ ሁሉ ድካም አይታየንም።

ታዲያ ለምን ሳጥን ወጣብን? ይህን ነው መጨረሻ ላይ የተረዳነው። ቁጥር ስምምነት ነው እንጂ ሥዕል አይደለም። 4704 ሲላክ «ይህ በ ነው» ብሎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የበ መልክ ከሌለው ግን ሊሥለው አይችልም። ያ የኛ ማተሚያ ቁጥሩን ተቀበለ፤ በራሱ ማስታወሻ መልኩን ፈለገ፤ አጣ፤ ሳጥን አስቀመጠ። ሳጥን «እዚህ ፊደል አለ፤ እኔ ግን አላውቀውም» ማለት ነው። እንደ ሥዕል ሲላክለት ግን እንዲያውቅ አልተጠየቀም፤ ነጥብ እንዲጥል ብቻ ተነገረው። በ1980ዎቹ በ27 እና በ75 ይባል የነበረው፣ ዛሬ በአንዲት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ተባለ።

ለሚቀጥለው የማኅበሩ አዘጋጅ

ይህን የምናስቀምጠው ከኛ በኋላ ለሚመጡት ነው። አማርኛ ያለበትን ገጽ ለማተሚያ ስትልኩ፣ መጀመሪያ ፒዲኤፍ ስታደርጉ ፊደሉ ራሱ ውስጡ እንዲገባ አድርጉ። ማተሚያው አሁንም ሳጥን ካወጣ እንደ ሥዕል ላኩት፤ ይዘገያል፣ ግን ይወጣል። ከሁሉ በፊት አንድ ገጽ ብቻ አትማችሁ እዩ፤ ያየውም ሰው አማርኛ የሚያነብ ይሁን። እኛ ያን ማታ አራቱንም ገጽ ያተምነው ሳናይ ነው። ዕብራይስጥ ብቻ የሚያነብ ሰው ቡ እና ቢ ቢለዋወጡ አያውቅም፤ የሟች ስም ግን ይለወጣል።

ለወላጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። የስም ዝርዝሩን በዕብራይስጥ ስንጽፍ ከ እና ቀ ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደል ይገባሉ፤ ጨ እና ቸም እንደዚያው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የሚባለው ቤትም አብዛኛው ይጠፋል። እኛ ልጆች ስሙን ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ስንመልስ ገምተን ነው የምንጽፈው፤ ማተሚያውም የነገርነውን ያትማል፤ ስሕተት ነው አይለንም። ስለዚህ መጥታችሁ እዩልን። ዝርዝሩ በማኅበሩ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ታትሞ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ እርሳስ ታስሯል። የተሳሳተ ካለ አርሙት፣ የቀረ ካለ ጨምሩት። ጽሑፉ የማይቀናቸው ቢኖሩ ይንገሩን፣ እንጽፋለን።

ባለፈው ዓመት በማግስቱ ስሞቹ ሲነበቡ፣ ያቺ እናት ወረቀቱን ከእጃችን ተቀብላ ራሷ አነበበች። ዕብራይስጥ ከሆነ እኛ ነበርን የምናነብላት። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ብዕር አወጣች፣ የእኅቷን ስም አንድ ፊደል አረመችና ንባቧን ቀጠለች። የዘንድሮው ዝርዝር በዚያ እርማት ነው የታተመው።

አጎትየውም በዚህ ዓመት በየሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ከፈረቃ ሲመለስ ወደ ማኅበሩ ይመጣል። ያቺ ባለ ካሬ ደብተር ተሞልታለች፤ ሁለተኛ ገዝተናል። እሱ አዲስ አበባ ሆኖ በነጥብ የሣላቸውን ፊደሎች ከትዝታው እያወጣ ይሥልልናል፤ እኛም ከሥራቸው ቁጥራቸውን እንጽፋለን። እስካሁን የደረስነው «ነ» ላይ ነው።